በደመና ያለፉት 15 ቀናት፦ ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስትር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በኦንላይን የተገዛ ጉድለት ያለበት ዕቃ የሚመለስበት የ15 ቀን ገደብ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር በመመሪያ እንዲወሰን ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

እኔ በትርፍ ጊዜዬ ከዋክብትን መመልከት የምወድ የአዲስ አበባ ነዋሪ ነኝ። ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ዕቃዎቹን በቴሌግራም ከሚያስተዋውቅ አንድ ነጋዴ ቴሌስኮፕ በ46,500 ብር ገዛሁ። ገንዘቡን በሞባይል ባንክ ላክሁ፤ ዕቃውን በሞተር የሚያደርስ ወጣት እስከ ቤቴ አመጣልኝ፤ ደረሰኝ ግን አልተሰጠኝም። በክረምት መካከል ለመግዛት የቸኮልኩት ጳጉሜን 2 ቀን ከምሽቱ 2:30 ጀምሮ የሚሆነውን ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ከልጆቼና ከጎረቤት ልጆች ጋር ለማየት ስለነበር፣ ያኔ ፈልጌ እንዳላጣው ብዬ ነው።

ቴሌስኮፕ ጉድለቱ በቀን ብርሃን ሳሎን ውስጥ የሚታይ ዕቃ አይደለም። ካርቶኑን ስከፍት ቱቦው አልተጫጫረም፤ መስተዋቱ ያበራል፤ እግሮቹም ሙሉ ናቸው። የመስተዋቱን ጤንነት የሚናገረው ኮከብ ብቻ ነው፤ ኮከብ ደግሞ በአዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ በልመና የሚገኝ ነገር ነው። ከገዛሁበት ቀን አንሥቶ ሰማዩ ለአንድ ሰዓት ያህል እንኳ ሳይገለጥ 50 ቀናት አለፉ። በግርዶሹ ምሽት ደመናው ሲሰነጠቅ ጨረቃን አየኋት፤ ጠርዟ የደበዘዘ ነበር፤ ልጆቹም «ለምን አትጠራም?» እያሉ ጠየቁኝ። ስስ ደመና ነው ብዬ አጽናናኋቸው፤ እኔም ራሴ ያንኑ አመንኩ።

መስከረም ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ግን ምክንያቱ ደመና እንዳልነበረ አወቅሁ። መስከረም 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ሳተርን ከምድር አንጻር ከፀሐይ ተቃራኒ የሚሆንበት፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚታይበት ቀን ነበር። በዚያ ዓመት የሳተርን ቀለበቶች ጠርዛቸውን ወደ እኛ አዙረው እንደ ቀጭን ክር የሚታዩበት ጊዜ በመሆኑ፣ ያን ክር ለማየት ጥሩ መስተዋት ያስፈልጋል። እኔ ያየሁት ወደ ጎን የተለጠጠ ቢጫ እድፍ ነው። በማግስቱ ቴሌስኮፑን ቬጋ በተባለችው ደማቅ ኮከብ ላይ አነጣጥሬ ሁነኛውን ፈተና አደረግሁ፤ ኮከቧን ሆን ብዬ ከትኩረት ሳወጣት እንደ ክብ ሳንቲም መታየት ሲገባት እንደ እንቁላል ሞላላ ሆነች፤ ትኩረቱን በተቃራኒው አቅጣጫ ሳልፈው ደግሞ ሞላላው በ90 ዲግሪ ዞረ። የዓይን ሌንሱን አዞርኩ፣ ጭንቅላቴን አዘነበልኩ፤ ሞላላው ከቦታው አልተነቃነቀም። ዋናውን መስተዋት በማቀፊያው ውስጥ ሳዞረው ግን አብሮት ዞረ። ስለዚህ ጉድለቱ ያለው ከዓይኔም ከሌንሱም ሳይሆን በፋብሪካ ሲሠራ ከተጣመመው መስተዋት ላይ ነው፤ ይህንንም የገዢ እጅ ሊያጣምመውም ሊያቃናውም አይችልም።

ለነጋዴው በዚያው ሌሊት ጻፍኩለት። የመጀመሪያ መልሱ «ሰማዩ ነው» የሚል ነበር። የፈተናውን ፎቶ ስልክለት «ከገዙ 15 ቀን አልፏል» አለኝ። ስለ ሕጉ ልነግረው ስሞክር «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፤ ከፈለጉ ወጪውን ችለው ዱባይ ላለው አከፋፋይ ይላኩት» ካለኝ በኋላ አገደኝ። ከዚያ ወዲህ ቻናሉን ማየት የምችለው በባለቤቴ ስልክ ነው፤ ያው ቴሌስኮፕ ዛሬም እየተሸጠ ነው።

ክቡር ሚኒስትር፣ ዋናው ጥያቄዬ ያረፈው በዚች «15 ቀን አልፏል» በምትለው መልስ ላይ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ነጋዴዎች ይህን ጊዜ ገንዘብ ከተከፈለበት ቀን ይቆጥሩታል። መርካቶ ገብቶ ዕቃውን አገላብጦ፣ ሰክቶና ሞክሮ ለሚገዛ ሰው ይህ አቆጣጠር ብዙ አይጎዳም። ዕቃውን በፎቶ ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዕቃው እንኳ በእጁ ላይገባ ይችላል፤ ከገባም በኋላ ጉድለቱን ለማወቅ የራሱ ጊዜ ያስፈልገዋል። ዕድሜ ልኩን ፒያኖ መማር የተመኘ ሰው የገዛው የኤሌክትሪክ ኪቦርድ አንዱ ቁልፍ ሲሞቅ ብቻ ዝም የሚል መሆኑን፣ ፎቶ አንሺውም ያገለገለው ሌንስ ውስጥ ሻጋታ መኖሩን የሚያውቁት እየተጠቀሙ ነው። የእኔን 15 ቀን የበላው ደግሞ ክረምቱ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ መሆኑን ደንግጎ፣ ገዢም ዕቃውን ለመመርመር ዕድል ባገኘ ጊዜ እንዲመረምር፣ ጉድለቱንም እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ከስድሳ ዓመት በፊት የተጻፈ ሕግ የመመርመር ዕድል መኖር አለመኖሩን ከግምት ሲያስገባ፣ በስልክ መስኮት በምንገበያይበት ዘመን የምንሠራበት የ15 ቀን አቆጣጠር ይህን ማየት ሊሳነው አይገባም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚኖሩ ዘመዶቻችን በኦንላይን የገዙትን ዕቃ ያለ ምንም ምክንያት ለመመለስ 14 ቀናት አሏቸው፤ ቀኑም የሚቆጠረው ዕቃው እጃቸው ከገባበት ዕለት ነው፤ ለጉድለት ደግሞ ሻጩ ቢያንስ ለ2 ዓመት ተጠያቂ ነው። እኔ የምጠይቀው ያን ያህል አይደለም። ገዢው ሳያየው በገዛው ዕቃ ላይ 15ቱ ቀናት ዕቃውን ከተረከበበት ዕለት፣ ጉድለቱ በተራ ምርመራ የማይታይ ከሆነም ጉድለቱ ከታወቀበት ዕለት እንዲቆጠሩ ሚኒስቴሩ በመመሪያ እንዲወስን ነው። ለነጋዴውም ስጋት እንዳይሆን የመጨረሻ ጣሪያ፣ ለምሳሌ 6 ወር፣ ሊቀመጥለት ይችላል።

ወደ ፍርድ ቤት መሄድ እንደምችል አላጣሁትም። ነገር ግን ለ46,500 ብር ከሥራ እየቀሩ መመላለስ፣ ስሙንና አድራሻውን የማላውቀውን ሰው መጥሪያ ማድረስ ለማንም ቀላል አይደለም። በክፍለ ከተማ ደረጃ ወደሚገኝ አንድ የንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር፤ በአክብሮት ተቀብለው የነጋዴውን የንግድ ፈቃድ ቁጥርና ደረሰኝ ጠየቁኝ። ሁለቱም የለኝም። አዋጁ ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ወዲያውኑ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ሻጩ ይህን ግዴታ ስላልፈጸመ አቤቱታዬ መንገድ ላይ ቀረ። ያጠፋው እርሱ ሆኖ ቅጣቱ እኔ ላይ መውደቁ ልክ አይመስለኝም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተላለፈ መልእክት በዚህ ምክንያት ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳያጣ ስለሚደነግግ፣ የባንክ ማስተላለፊያ መልእክትና ከሻጩ ጋር የተደረገ የጽሑፍ ልውውጥ ደረሰኝ ባልተሰጠበት ጊዜ ለአቤቱታ መነሻ በቂ ሆነው እንዲወሰዱ ለታችኛው እርከን ሠራተኞች ቢነገራቸው፣ አዲስ ሕግ ሳይወጣ ብዙ ሰው ይረዳል። የሸማቾች ጥበቃን ሥራ ይሠራ የነበረው ባለሥልጣን ፈርሶ ሥራው በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ወደ እርስዎ መሥሪያ ቤት ከተዛወረ ወዲህ፣ ሸማች የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለበት እንኳ በግልጽ የሚያውቅ ሰው በዙሪያዬ አላገኘሁም።

ስለ ማስታወቂያውም አንድ ነገር ልጨምር። በቻናሉ ላይ ዕቃው «675 ጊዜ ያጎላል» ተብሎ ተጽፏል። ቁጥሩ የተገኘው የቴሌስኮፑን 900 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ለ4 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ አካፍሎ፣ በ3 እጥፍ አባዢ ሌንስ በማብዛት ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ግን 114 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት በእውነት ጥቅም ያለው ምስል የሚሰጠው ከስፋቱ እጥፍ ገደማ፣ ማለትም እስከ 228 ጊዜ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሚታየው ትልቅ ብዥታ ነው። ስለ ዕቃ ጥራት አሳሳች መረጃ መስጠት የተከለከለ ሆኖ ሳለ፣ እንዲህ ያለውን ቁጥር የሚያጣራ ባለመኖሩ የሳይንስ ፍቅር ያለው ወጣት ሁሉ በዚህ ቁጥር ተስቦ ይገዛል።

ምናልባት ከችግሮቻችን ብዛት አንጻር ይህ የመጫወቻ ጉዳይ ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ ነጋዴውም «ለመጫወቻ ይህን ያህል?» ብሎኛል። እኔ ግን እንዲህ አላየውም። በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲን የመሠረቱት ሰማይን የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። እዚያ የሚሠራ ባለሙያ መጀመሪያ ከሆነ ሰው ቤት ደጃፍ ላይ በትንሽ ቴሌስኮፕ ጨረቃን አይቶ ሊሆን ይችላል። በእኔ ደጃፍ በጳጉሜን የተሰበሰቡት ሰባት ልጆች ያዩት ግን ብዥታ ነው፤ ሁለቱ ከዚያ ወዲህ አልመጡም።

ቴሌስኮፑ ከነካርቶኑ፣ ከነሌንሶቹ፣ የላክሁትና የተላከልኝ መልእክት ሁሉ ከነቀኑ በእጄ ይገኛል። ሚኒስቴሩ የሚመርጠው ማንኛውም የፊዚክስ ባለሙያ መስተዋቱን መርምሮ የተናገርኩት ስሕተት ሆኖ ቢያገኘው ጥያቄዬን አነሣለሁ። ቦታውንና ቀኑን ከተነገርኩ ይዤው እቀርባለሁ፤ ፈተናው ኮከብ ስለሚፈልግ ቀጠሮው ከሚቀጥለው ክረምት በፊት እንዲሆንልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ሸማች