ጉዳዩ፦ ዞረው ስለተገጠሙ ፒስተኖች የቀረበ ቅሬታ

ለሞተር እድሳት ክፍል ኃላፊ

እናንተ ጋ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ የታደሰው መኪናዬ ከወጣ ጀምሮ ያንኳኳል። ጠዋት ሲነሣ ድምፁ ደረቅና ፈጣን ነው። ሲሞቅ ይቀንሳል፤ ግን አይጠፋም። ይህን ስነግራችሁ የተሰጠኝ መልስ «ሞተሩ ገና አዲስ ነው፣ ሲነዳ ይለቃል» የሚል ነበር። እንደተባልኩት ነዳሁት። ጭራሽ ባሰበት።

በመጨረሻ ሌላ መካኒክ ዘንድ ወስጄ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል) ተነሣ። ከአራቱ ፒስተኖች ሁለተኛውና ሦስተኛው ዞረው ነው የገቡት። ፒስተኑ አናት ላይ ያለችው ቀስት ወደ ሞተሩ ፊት፣ ማለትም ወደ ታይሚንግ ቼይኑ በኩል ማመልከት እንዳለባት የሞተሩ የጥገና መመሪያ ይናገራል። አንደኛውና አራተኛው ላይ እንደዚያው ነው። የሁለቱ ቀስት ግን ወደ ኋላ፣ ወደ ካምቢዮው (ማርሽ ሳጥኑ) ዞሯል። ፎቶው ተያይዟል። ሁለቱን አይቶ የገጠመ ሰው ሌሎቹን ሁለቱን እንዴት ሳያይ እንዳለፈ አልገባኝም።

ፎርማናችሁ በስልክ «ፒስተን ክብ ነው፣ በየትኛውም በኩል ቢገባ ያው ነው» ብለውኛል። ሲጀመር ድፍን ክብ አይደለም፤ ሲሞቅ ስለሚሰፋ የታችኛው አካሉ በጣም በትንሹ ሞላላ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ግራና ቀኙም አንድ አይደለም። ፒስተኑን ከቢየላው (ፒስተኑን ከታች ከክራንኩ ጋር ከሚያገናኘው ዘንግ) ጋር የሚያያይዘው ፒን ከመሃል ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ነው የተቀመጠው፤ ብዙ ጊዜ ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ኢምንት ትመስላለች። ሥራዋ ግን ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ከአንዱ የሲሊንደር ግድግዳ ወደ ሌላው በኃይል እንዳይላተም ማለዘብ ነው። ፒስተኑ ሲዞር ፒኑም በተቃራኒው ጎን ይሆንና ምቱ ይበረታል። የሚያንኳኳው እሱ ነው። ሲሞቅ የሚቀንሰውም ፒስተኑ ሰፍቶ ክፍተቱን ስለሚያጠብ እንጂ ሞተሩ ስለ«ለቀቀ» አይደለም።

ከድምፁ የበለጠ ያስደነገጠኝ የቫልቮቹ ነገር ነው። በዚህ ፒስተን አናት ላይ ለቫልቮቹ የተተዉት ጎድጓዳ ቦታዎች እኩል አይደሉም፤ የማስገቢያው ሰፊ፣ የማስወጫው ጠባብ ነው። ፒስተኑ ሲዞር ትልቁ የማስገቢያ ቫልቭ ከጠባቡ ቦታ ጋር ይገናኛል። ሦስተኛው ፒስተን ጠርዝ ላይ ቫልቭ የነካው ምልክት በዓይን ይታያል።

«አምጣውና እናዞረዋለን» የሚለውን መፍትሔ አልቀበልም። ስህተቱ የት እንደተሠራ ገና አልታወቀማ! ፒስተኑ ከነቢየላው ዞሮ ከገባ አንድ ነገር ነው። ነገር ግን ፒስተኑ ብቻ ቢየላው ላይ ዞሮ ተገጥሞ ከሆነ፣ ሁለቱን አብራችሁ ስታዞሩ ቀስቷ ትስተካከልና ቢየላው ይዞራል። በዚህ ሞተር ቢየላ ላይ ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ ዘይት የምትረጭ ቀዳዳ አለች፤ እሷም የራሷ ጎን አላት። ያን ጊዜ ከላይ የሚያይ ሰው ሁሉም ልክ ይመስለዋል። ስለዚህ ከታች የዘይት መያዣው ወርዶ የቢየላው ምልክት መታየት አለበት፤ የቢየላውን የታች ጫፍ የሚዘጋው ኮፍያም ከራሱ ቢየላ ጋር መሆኑ በቁጥሩ ይረጋገጥ።

የምጠይቀው ይህን ነው። ሞተሩ እኔ ባለሁበት ይፈታ። ሲሊንደሮቹ ይለኩ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ጭረት ካለ በዘይት ተሸፍኖ አይታለፍ። ቫልቮቹ መጣመም አለመጣመማቸው ይፈተሽ። የተጎዳ ፒስተን፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም ብሮንዚን (ቢየላው ክራንኩን የሚይዝበት ተሸካሚ) በአዲስ ይቀየር። የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አንዴ ስለተነሣ አሮጌው እንዳይመለስ። የዚህ ሁሉ ወጪ፣ ለሌላው መካኒክ የከፈልኩትም ጭምር፣ የእናንተ ነው። ዋስትናውም ሥራው እንደገና ካለቀበት ቀን ይቆጠር።

መልሳችሁን በአንድ ሳምንት ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ። በስልክ የሚነገረኝን ከእንግዲህ እንደ መልስ አልቆጥርም። እስከዚያ ሞተሩ እንደተከፈተ ይቆያል፤ ባለሙያ ልካችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ከሰላምታ ጋር
የመኪናው ባለቤት

ግልባጭ፦ ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ