ቪዲዮው ላይ ያለችው እኔ አይደለሁም

ወንድምዬ፣

ሰላምታውን ቶሎ ልጨርሰው። እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራውም ደህና ነው፣ በረዶው ገና ከተማው ድረስ አልወረደም። አሁን ወደ ክንድህ።

ትናንት ማታ የእህታችንን የድምፅ መልእክት ሰማሁ። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ሲወርድ ከሳይክል ወደቀ፣ ክንዱ ተሰበረ፣ እንዳትደነግጪ ብለን ነው ሁለት ሳምንት ዝም ያልንሽ ትላለች። ደግሜ ሰማሁት። መጀመሪያ በጣም ነው የተናደድኩት። ቆይቶ ሳይክሉ የተገዛበት ብር የማን እንደሆነ ትዝ አለኝና አፌን ያዝኩ። ለፋሲካ ስልክልህ ጫማና ልብስ ግዛበት ብልህ ምን ነበረበት?

ወጌሻው ጥሩ አድርጎ አስሮታል አለች። ወጌሻ ንቄ አይደለም፣ የአባባን ቁርጭምጭሚት ያቀናው ወጌሻ ነው። ግን ኤክስሬይ ተነሣ። ዛሬ ጠዋት ብር ልኬያለሁ፣ ቁጥሩን ቴሌግራም ላይ ታገኘዋለህ። ከእሱ ላይ አንድ ሳንቲም ለሳይክሉ መጠገኛ እንዳታወጣ። አውቅሃለሁ።

ሦስት ወር ጠፋሽ ብላችሁኛል። እውነት ነው። እዚህ ሳይክል የሚነዳው እናንተ ጋ ክረምት ሲሆን ነው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ቀና ብዬ ተራራውን እንኳ አላየሁትም። ይኼ ግማሹ ምክንያት ነው። ሌላውን አሁን እነግርሃለሁ፣ ይኼን ክፍል ግን ለእማዬ አታንብብላት።

ሰኔ ላይ የላክሁልህ ቪዲዮ ትዝ ይልሃል? ፊቷን የሚሸፍን ሄልሜት ያደረገችው፣ ከነሳይክሏ አየር ላይ የምትንሳፈፈው። እሷ እኔ አይደለሁም። “አንቺ ነሽ እንዴ?” ብለህ ስትጽፍልኝ ሳቅ ብቻ ላክሁልህ። አንተ አዎ ማለቷ ነው አልክ፣ እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ አየው፣ እማዬ ለንስሐ አባቷ ሳይቀር አሳየች አሉ። ልጅቷ ደንበኛ ናት። የእኔ ድርሻ ማታ ሳይክሏን ማጠብ ነበር።

መንገድ መሪ ነኝ ያልኳችሁም እንደዚያው ነው። ጠዋት ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ፣ ከሰዓት ሳይክል የሚያከራይ ሱቅ ውስጥ ጭቃ አጥባለሁ፣ ጎማ እነፋለሁ፣ ለሰው ሄልሜት እለካለሁ። ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ብቻ ያኔ እማዬ “በይ ንገሪኝ፣ ምን ሆንሽልኝ?” ስትለኝ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነበር። አንተ ደግሞ እህቴ ከቻለች እኔስ ብለህ ወረድክ። እህታችን እንዲህ ባትለኝ ይሻለኝ ነበር፣ ግን ብላኛለች።

አሁን አንድ ነገር ስማኝ። አልነዳም እንጂ ስለ መንገድ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ሰው “የቱ ይሻለኛል?” ሲል ስሰማ ኖሬያለሁ።

እዚህ ካናዳ፣ ዊስለር፣ እያንዳንዱ የሳይክል መንገድ መግቢያው ላይ ምልክት ተተክሎበታል። አረንጓዴ ክብ ለጀማሪ ነው። ሰማያዊ አራት ማዕዘን ለመካከለኛ። ጥቁር አልማዝ ለበረታ፣ ሁለት ጥቁር አልማዝ ደግሞ ነፍሱን ለጠላ። ምልክቱን ከበረዶ መንሸራተቻው ነው የወሰዱት። ባለሙያዎቹ የሚጠቅሱት መለኪያም አለ። አረንጓዴ ከተባለ ስፋቱ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ነው፣ 100 ሜትር ስትሄድ በአማካይ ከ5 ሜትር በላይ አይወርድም። ሰማያዊው 60 ሳንቲ ይሆንና እስከ 10 ሜትር ይወርዳል። ጥቁሩ 30 ሳንቲ ይበቃዋል፣ እስከ 15 ሜትርም ይወርዳል። 30 ሳንቲ ማለት የእማዬን ሰፌድ መሬት ብታስቀምጠው ጠርዙ በሁለቱም በኩል ያልፋል። ሁለት ጥቁር 20 ሜትርና ከዚያ በላይ ይወርዳል፣ እሱን ተወው።

ግን ዓይን ይሸወዳል። ኤ ላይን የሚባል መንገድ አለ፣ በማሽን ተደልድሎ የተሠራ፣ እንደ ተለቀለቀ ቤት ለስላሳ። ድንጋይ ፈልገህ አታገኝበትም። ጥቁር ነው። ዝላዩ ነው ጥቁር ያስባለው። ያ ቪዲዮ የተቀረጸው እዚያ ነው፣ ለአንተ ቀላል የመሰለህ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ሰው ሁሉ ራሱን አንድ ቀለም ከፍ አድርጎ ነው የሚያወራው፣ በተለይ ወንዶች፣ ይቅርታህን። ስለዚህ “ምን ያህል ትችላለህ?” ብዬ አልጠይቅም። መጨረሻ የነዳኸው መቼ ነው? ከማን ጋር ነው የምትወጣው? ይኼን ነው የምጠይቀው። ባለፈው ነሐሴ አንድ አባት ሰባት ዓመት የማይሞላት ልጁን ይዞ መጣና ሰማያዊ ስጪን አለ። እኔ ተንበርክኬ የልጅቷን ሄልሜት እያሰርኩ ነበር። ማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት፣ ሦስት ከገባ ላልቷል። ጣቴን ሳስገባ አገጯ ይንቀጠቀጣል። ቀና ብዬ “አረንጓዴ” አልኩት። እሱ ደህና ነጂ ይሆናል፣ ግን ቡድን የሚሄደው በደካማው ሰው ልክ ነው። የበረታም ቢሆን የቀኑን የመጀመሪያ ዙር አንድ ቀለም ዝቅ ብሎ ይጀምራል። እዚህ የሚሉት አለ፣ መጀመሪያ ቀስ ብለህ እየው፣ ከዚያ ድገመው፣ ከዚያ ልቀቀው።

እኔ ራሴ አንዴ ሰማያዊ ገብቼ ነበር። ዘንቦ ነበር፣ እርጥብ የዛፍ ሥር ላይ ጎማው አዳለጠኝ። ሁለት ሳምንት ሳልደውል ቀርቼ ጉንፋን ነው ያልኳችሁ እሱ ነው። ጉልበቴ ላይ ጠባሳው አለ።

ወደ እናንተ ልምጣ። እንግዳ ይዛችሁ እንደምትወርዱ ከጓደኞችህ ጋር ያወራችሁትን ሰምቻለሁ። አገር ሰላም ሲሆን እሺ፣ ሐሳቡን አልጠላሁትም። ግን የአልዩ አምባ መውረጃ ጥቁር ነው፣ አንዳንድ ቦታ ሁለት ጥቁር። ለቅሎና ለአህያ የተሠራ የድሮ ሲራራ ነጋዴ መንገድ ነው። እዚህ ፓርኩ ውስጥ ሳይክል ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። እዚያ ኩርባውን ስትዞር ጭነት የተሸከመች አህያ ሽቅብ እየመጣች ነው። አህያ ቀለም አታነብም። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውም የእግር መንገድ ያው ነው፣ ጭጋግ ይጨመርበታል።

አረንጓዴ እንግዲህ ቤታችሁ ደጃፍ ነው። በሬሳ ዳር ያለው ሜዳ፣ ወደ አንጎለላ የሚወስደው። እዚያም ቢሆን በክረምት መረሬው ጎማ ላይ ተጠቅልሎ አላንቀሳቅስ ይላል፣ ከጥቅምት በፊት ሰው አታውጣ። ሌላ ደግሞ አለ። ዊስለር የተራራ ከተማ ይባላል፣ መንደሩ ያለው ግን 670 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የዊስለር ተራራ ጫፍ ራሱ 2,200 ሜትር አይሞላም። የእማዬ በረት ከ2,800 ሜትር በላይ ነው! በረዷቸው ከላሞቻችን በታች ነው ብዬ ስነግራቸው ይስቃሉ። ስለዚህ ከዚህ የሚመጣ ሰው ለአንተ አረንጓዴ በሆነው ሜዳ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። መንዝ ጓሳማ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ መንገዱ ደህና ቢሆንም ለእሱ ሰማያዊ ብለህ ያዘው። ሁለት ሦስት ቀን ደብረ ብርሃን ይቆይ፣ ከዚያ ወስደህ ጭላዳውን አሳየው።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ሙጭጭ አድርገህ አትውረድ። ይግላል፣ ከጋለ አይይዝም። ያዝ፣ ልቀቅ፣ ያዝ፣ ልቀቅ። ፔዳሉ ላይ ቁም፣ መቀመጫህን ወደ ኋላ ሳብ አድርግ። ይኼን በሚያዝያ መንገር ነበረብኝ።

ከዚህ ወዲያ ለእማዬ አንብብላት።

እማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? የግፊት መድኃኒቱን ደህና ነኝ ስትዪ ታቆሚዋለሽ አሉኝ፣ እባክሽ አታቁሚው። እኔ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ቤቱ ሙቅ ነው። የላክሽልኝ የመንዝ ባና አልጋዬ ላይ ነው። ዝናብ የጣለ ቀን እርጥበት ሲነካው በግ በግ ይሸታል፣ አብራኝ የምትኖረው ልጅ መስኮት ትከፍታለች፣ እኔ እዘጋለሁ። ጥር ላይ ለሠርጉ አልመጣም። ወረቀቴ አላለቀም፣ ካለቀ ብዬ ነበር እስከ አሁን ያልነገርኩሽ። ጥንስሱን ብቻሽን እንዳትጠነስሺ፣ ጎረቤት ጥሪ። ሙሽራዋ ጉልበትሽን ስማ ስትነሣ እንዳታለቅሺ አልልሽም። ብቻ ስልኩን አንድ ሰው ከፍ አድርጎ ይያዝልኝ፣ እዚህ ሌሊት ይሆናል፣ ቢሆንም አልተኛም።

እንደገና ለአንተ ብቻ። አባባ በሌለበት ሙሽሪትን የምትሸኛት አንተ ነህ፣ ስለዚህ ክንድህ እስከ ጥር ይዳን። ስለ ቪዲዮው ለእማዬ ራሴ እነግራታለሁ፣ ከሠርጉ በኋላ። አንተ ቀድመህ እንዳትነግራት።

ለገና ወደ አገር ቤት የሚገባ ሰው አግኝቻለሁ፣ ሁለት ሄልሜት ይይዝልኛል። የጨርቅ ሜትር ውሰድና ከቅንድብህ በላይ ጭንቅላትህን ዙሪያውን ለካ፣ በሳንቲ ሜትር ጻፍልኝ። የሙሽሪትን የጫማ ቁጥርም አብረህ ላክ፣ ባለፈው የነገረችኝ ቁጥር ጠቧታል አሉ።

እታለምህ