የፊዚክስ ክበብ፦ ከአንዲት አሮጌ ቮልስ የወረደ 62 ኪሎ

በ2017 ዓ.ም. ክበባችን «ልጆቹን ለመንገድ ላይ ሽቅድምድም እያሠለጠነ ነው» ተብሎ ታምቷል። ሐሜቱ ከመምህራን ማረፊያ እንደተነሣ አውቃለሁ። ዓመቱን ሙሉ ግን አንድም የመኪና ሞተር አላስነሣንም።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ነው፤ በ402 ሜትር ቀጥታ መንገድ በሚካሄደው የመኪና ሽቅድምድም፣ በድራግ ሬሲንግ፣ ተወዳዳሪዎች ከመኪናቸው ወንበር ሳይቀር የሚነቅሉት ለምንድን ነው? የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ስብሰባዎች በኒውተን ቀመር (በእኩል ኃይል ሲገፋ የቀለለው ቶሎ ይፈጥናል) አለፉ፤ አልዘረዝራቸውም።

የማልረሳው የየካቲቷን ቅዳሜ ነው። ሁላችሁም የምታውቋትን ቮልሴን ከባንዲራው ምሰሶ አጠገብ አቁሜ፣ ማርሿን ዜሮ አድርጌ መሪ ያዝኩ። አራት ተማሪዎች ተሳፈሩ፣ ስድስት ገፉ። 20 ሜትሩ በአማካይ 7.9 ሰከንድ ፈጀ። ቀጥሎ ተሳፋሪዎቹ ወረዱ፤ ትርፍ ጎማው፣ ክሪኩና የኋላ መቀመጫውም ተከተሉ። የፊቱ ኮፈን ሲከፈት ጉዴ ወጣ፦ በሲባጎ የታሰረ የሦስት ዓመት የፈተና ወረቀት! ዕቃው ብቻ 62 ኪሎ መዘነ። «ቲቸር፣ ፍሬኑንም እንፍታው?» ያለ አልጠፋም። እንደገና ሲገፉ 6.7 ሰከንድ ሆነ።

በድራግ ውድድር በተለምዶ 45 ኪሎ መቀነስ 0.1 ሰከንድ ያህል ያተርፋል ስላቸው ቅር አላቸው። ያን ጊዜ ከመስከረም ጀምሮ ድምጿን ሰምተን የማናውቃት ልጅ በደብተሯ ጥግ አሰላች። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ለሚበር መኪና 0.1 ሰከንድ 4.4 ሜትር ነው። ሜትር ተቀብላ ቮልሷን ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ለካችና «ከአንድ ቮልስ ይበልጣል» አለች፣ ቀና ሳትል። ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። እኔም መነጽሬን ስጠርግ ቆየሁ።

ውድቀትም ነበር። ከተበላሸ ቴፕ በወጣ ሞተር የሠራናት ሞዴል መኪና በወላጆች ቀን ፊት ለፊታቸው ቆማ ጎማዋን ብቻ አሽከረከረች። ከመጠን በላይ አቅልለናት የኋላ ጎማዎቿ መሬት መቆንጠጥ አቅቷቸው ኖሯል። ባትሪውን ከፊት አንሥተን በኋላው አክሰል ላይ ስናደርገው ተፈተለከች፤ ወላጆች ከሄዱ በኋላ!

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ጉልበት መጨመር ገንዘብ ይፈልጋል፤ ማራገፍ ግን ነጻ ነው። ክበባችንም እስካሁን የኖረው በማራገፍ ነው፣ በጀቱን ጨምሮ። ከዚህ በላይ የሚራገፍ የለንም። ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ትክክለኛ የሰዓት መለኪያና የራሳችን ሚዛን። አሁን ያለን የምግብ ቤቱ ነው፤ ሽንኩርት የመጣ ዕለት ሙከራው ይቋረጣል።