ባልጩቱን ለምን እንዳልላክሁልሽ

ልጄ እንዴት ነሽ፣ ትምህርትስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ ምንጃርም ዝናቡ ቆሟል። ባለፈው ስንደዋወል ያንን ያገኘኸውን መስታወት መሰል ጥቁር ድንጋይ፣ ባልጩቱን፣ በሚመጣ ሰው ላክልኝ ለጓደኞቼ ላሳይ ስትዪኝ ዝም ያልኩሽ ስልክ ላይ ማስረዳቱ ስለከበደኝ ነው።

ድንጋዩ አሁንም እዛው ቦረቦሩ ውስጥ ነው፣ አላነሳሁትም። ልኩ እንዲታወቅ ጎኑ እስክሪብቶ አስቀምጬ ፎቶ አንስቼዋለሁ፣ የአውራ ጣት ጫፍ ቢያክል ነው፣ ሶስት ማዕዘን። ጥቁር ነው ግን ጎንበስ ብለሽ ስታዪው ስስ ጠርዙ ፀሐይ ሲያሳልፍ ጭስ ይመስላል። ከጠርዙ ወደ መሀል ስንጥር እየተነሳለት የተሞረደበት ምልክት ተደርድሮ ይታያል፣ ጎርፍ ያንከባለለው ድንጋይ እንደዛ በሥርዓት አይሰበርም፣ የጥንት ሰው እጅ የሠራው ይመስላል።

ጎርፍ ካመጣው ከላይ ነው የመጣው ብዬ ቦረቦሩን ሽቅብ ስከተለው ምን አየሁ መሰለሽ፣ ግድግዳው ላይ አመድማ አፈር ውስጥ ሌላ ስባሪ ግማሹ ተቀብሮ ግማሹ ወጥቶ! ልቤ እንዴት እንደመታ። እሱን ማንም እንዳይነካው ነው የምፈልገው።

መተማ በኩል ሺንፋ ወንዝ ዳር ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ ትናንሽ ሶስት ማዕዘኖች አግኝተው በ2024 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ አውጥተዋል፣ 74,000 ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል፣ የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ነው የሚሉት። ዘመኑን ያወቁት እኮ ድንጋዩን ብቻ አይተው አይደለም፣ እዛው አፈር ውስጥ የፈነዳበት ዘመን ከሚታወቀው ከኢንዶኔዥያው ቶባ እሳተ ገሞራ የመጣ በዓይን የማይታይ ብናኝ አግኝተው ነው፣ የዓሣ አጥንቱና የሰጎን እንቁላል ቅርፊቱም አብሮ ነበር። እኔ ነቅዬ በፌስታል ብልክልሽ ይሄ ሁሉ ይጠፋል፣ የሚያምር ጥቁር ድንጋይ ብቻ ይቀርሻል።

ደሞ ሕጉም አለ፣ አዋጅ 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ያሳውቅ ይላል። ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ሄጄ ፎቶውን አሳይቻለሁ፣ ሰው ይዘን እንመጣለን ብለውኛል።

ፎቶዎቹን በቴሌግራም እልክልሻለሁ፣ ለጓደኞችሽ አሳዪያቸው። ለእረፍት ስትመጪ አብረን እንሄዳለን፣ ከዝናብ በኋላ አፈሩ ሲታጠብ ነው የሚታየው፣ ጠዋት ፀሐይ ገና ዝቅ እንዳለች ደግሞ ያብለጨልጫል። ሸበጥ አድርገሽ እንዳትመጪ፣ ስባሪው እንደ ምላጭ ነው።

አባትሽ