ለወዳጄ፦ ሰኔ ሳይገባ ስለ ልጆች መጻሕፍት

አራት ኪሎ፣ ግንቦት

ውድ ወዳጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ቤተሰቡስ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። እኔም ጠፋሁ፣ አንቺም ጠፋሽ፤ ወቀሳውን እኩል ተካፍለን እንለፈው። የትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት ላንቺ መሰጠቱን፣ ለአዳዲስ የልጆችና የወጣቶች መጻሕፍትም ትንሽ በጀት መያዙን ሰማሁ። እንኳን ደስ አለሽ ከማለቴ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ፦ ሰኔን ፍሪ።

በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ስለዚህ ሁሉም በዚያ ወር የመጽሐፍ መደብሮችን ያጣብባል። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ትንሹ ዋጋ ያሸንፋል። «የልጆች ተረት መጽሐፍ፣ 200 ፍሬ» ብለሽ ከጻፍሽ የሚመጣልሽ ዓመቱን ሙሉ ሳይሸጥ የከረመው ነው። በባለመደብሩ አይፈረድም፤ የጠየቅሽውን አቅርቧል። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ርእሱን፣ ደራሲውን፣ ሠዓሊውን፣ አሳታሚውን፣ የታተመበትን ዓመት፣ የገጹን ብዛት፣ ጥራዙም በክር የተሰፋ፣ በሽቦ የተመታ ወይም በሙጫ የተጣበቀ መሆኑን ለይተሽ አስፍሪ። «ወይም ተመሳሳይ» የሚለው ሐረግ ከዝርዝሩ ይውጣ፤ መጻሕፍቱ የሚቀየሩት በእሱ በኩል ነው። አይ ኤስ ቢ ኤን፣ ማለትም የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ ካለው ጨምሪበት፤ የአገር ውስጡ ብዙውን ጊዜ በ978-99944 ይጀምራል። ቁጥር የለውም ብለሽ ግን ጥሩ መጽሐፍ አትጣይ።

ዝርዝሩን ቢሮ ቁጭ ብለሽ አታዘጋጂው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሂጂና በልጆቹ ክፍል የየትኛው መጽሐፍ ጠርዝ እንደተበላ እይ። የተበላው የተወደደው ነው፤ አዲስ እንደመሰለ የተቀመጠው ደግሞ የራሱን ምስክርነት ይሰጣል። አዲስ የወጣውን ለማወቅ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክርም ይጠቅምሻል፤ አገር ውስጥ የሚታተም ሁሉ ቅጂው እዚያ እንዲገባ ሕጉ ያዛል።

ሽፋኑ ላይ ያለውን ዕድሜ አትመኚው። «ከ6 እስከ 12 ዓመት» የሚል ካየሽ ደራሲው ለማን እንደሚጽፍ አልወሰነም ማለት ነው። የውጭዎቹ መመዘኛዎች ቃል ይቆጥራሉ፤ ለእኛ ግን አይሆንም። «ስላልተመለሰችልን» አንድ ቃል ነው፤ አሥር ፊደል ነው፤ ውስጡ ደግሞ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ታጭቋል። ስለዚህ ፊደል ቁጠሪ። ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል አብዛኛው ቃል ከአራት ፊደል ባያልፍ፣ ዓረፍተ ነገሩም ከአምስት ስድስት ቃል ባይበልጥ እመርጣለሁ። የመጥበቅና የመላላት ጣጣም አለ። ጽሕፈታችን ማጥበቅን ስለማያሳይ ልጁ «ገና» ሲያይ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚባለው፣ የሚለየው በዙሪያው ካለው ነገር ነው። ጠንቃቃ ደራሲ ዛፉን፣ ዳቦውን ወይም የገና ጨዋታውን አስቀድሞ ያመጣለታል። ያልተጠነቀቀው ዓረፍተ ነገሩን በዚያው ቃል ይከፍተዋል፤ ልጁም አጥብቆ ይጀምርና መሃል ላይ ደርሶ ወደ ኋላ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ገጽ ሲበዛ ልጁ መጽሐፉን አስቀምጦ ይነሣል።

የመጨረሻው ዳኛ ልጁ ራሱ ነው። ከመሃል አንድ ገጽ ክፈቺና ሳታርሚው ጮክ ብሎ ያንብብልሽ። በተደናቀፈበት ቃል ሁሉ አንድ ጣት እጠፊ። አምስቱም ከታጠፉ መጽሐፉ ለእሱ ከብዷል፤ ሁለት ሦስት ከሆነ ልኩ ነው፤ አንድም ካልታጠፈ ለደስታው ያንብበው እንጂ ለትምህርት አትቁጠሪው። የመጀመሪያውን ገጽ ግን አታስነብቢ፤ እሱንማ ማንም ደራሲ ያሳምረዋል።

ለጀማሪ የኅትመት መጠኑ ከ18 ነጥብ ያነሰ ፊደል አትውሰጂ። ቡ እና ቢ የሚለያዩት የቀኙ ቅጥያ ከፍ ወይም ዝቅ በማለቱ ብቻ ነው፤ ቀለም በሚመጥ ርካሽ ወረቀት ላይ በ12 ነጥብ ሲታተሙ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ሥዕሉም ጽሑፉ ካለበት ገጽ ፊት ለፊት ይሁን። ጽሑፉ ስለ ጎጆ እያወራ ሥዕሉ ጭስ ማውጫ ያለው የፈረንጅ ቤት ካሳየሽ ከኢንተርኔት ተለቅሞ የተለጠፈ ነው፤ የሠዓሊውን ስም ብትፈልጊም አታገኚውም። በ«ስለዚህ ልጆች» ምክር የሚያልቀውን ደግሞ፣ ሌላ አማራጭ እስካለሽ ድረስ፣ ለባለመደብሩ ተይለት።

ገንዘብሽን የምታውይበትን ቦታ ልንገርሽ፤ ከአራተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ላሉት ነው። ለትንንሾቹ ተረት ሞልቷል፤ ለትልልቆቹ የአዋቂ ልቦለድ አለ። መሃል ላይ ያለው የ11 ዓመት ልጅ ግን ወይ ተረት ይሰለቻል፣ ወይ ያልደረሰበት የፍቅር ታሪክ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ለእሱ ከ60 እስከ 120 ገጽ፣ በአጫጭር ምዕራፍ የተከፈለ፣ ምስጢር ያለበት ወይም ኳስ ያለበት፣ ባይሆን ስለ እንስሳት፣ ስለ ሰውነት፣ ስለ ጠፈር የሚናገር ፈልጊ። ደግሞስ አንቺ ጋ የሚማረው ልጅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እያደገ፣ ታክሲ ተሰልፎ እየጠበቀ፣ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ልጅ ሁልጊዜ እረኛ የሚሆነው ለምንድን ነው? እረኛው ይኑር፤ እሱ ብቻ ግን አይበቃም። የከተማውን ልጅ የሚያሳዩ አዳዲስ መጻሕፍት ጥቂት ስለሆኑ ስታገኚያቸው አትለፊያቸው። በአፋን ኦሮሞ የሚማሩ ልጆች ካሏችሁ የእነሱን ድርሻ መጀመሪያ ለይተሽ አስቀምጪ፤ ለመጨረሻ ከተረፈ ይረሳል።

ሁለት መቶ መጻሕፍት የመግዛት አቅም ካለሽ 200 ርእስ አትግዢ፤ 40 ርእስ በአምስት በአምስት ቅጂ ግዢ። ልጅ የሚያነበው ጓደኛው ያነበበውን ነው፤ አንድ ቅጂ ብቻ ካለ ወሬው ሲሞቅ መጽሐፉ የለም። አምስት ቅጂ ለአንድ የንባብ ቡድንም ይሆናል። ለሪፖርት 200 ርእስ የተሻለ ይመስላል፤ ርእሰ መምህሩን ማሳመን ያንቺ ፈንታ ነው።

በሙጫ ብቻ የተጣበቀውን መሃሉን ገልጠሽ በመዳፍሽ ጫን በይው። ከተሰነጠቀ መንፈቅ ዓመት ሳይሞላው ቅጠል በቅጠል ይረግፋል። መግዛትሽ ካልቀረ ገና መደርደሪያ ሳይወጣ ስፊው፦ ከጀርባው 5 ሚሊ ሜትር ገባ ብለሽ በወስፌ አምስት ቦታ ብሺው፤ ሰም በተቀባ ክር ከመሃል ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ መሃል መልሰሽ ቋጥሪው፤ ጀርባውን በነጭ ኮላ የአቡጀዲ ቁራጭ አልብሺና ከባድ ነገር ጭነሽበት ይደር። ከ100 ገጽ በላይ ከሆነ ወስፌ አይበሳውም፣ ቀጭን ድሪል ይጠይቃል። የውስጥ ኅዳጉ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ግን ተይው፤ ስፌቱ ፊደል ይበላል። የተቀደደ ገጽ ላይ ስኮች አታድርጊ፤ ሲቆይ ቢጫ ይሆናል፣ ሙጫውም አምልጦ ቀጣዩን ገጽ ይይዘዋል።

በጀቱ ሲያልቅ ደግሞ አትሚ። አፍሪካን ስቶሪቡክና ስቶሪዊቨር በተባሉት የኢንተርኔት ገጾች ላይ ያሉት የአማርኛ ታሪኮች አብዛኞቹ ክፍት ፈቃድ አላቸው፤ የደራሲውን፣ የሠዓሊውንና የተርጓሚውን ስም እስካልነካሽ ድረስ ማባዛት ትችያለሽ። ትርጉሙ የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ስለሆነ አንዱ ከአንዱ ይለያያል፤ ሳታነቢ አታትሚ። ባለ 16 ገጹ አራት ኤ4 ወረቀት ይበላል። «ቡክሌት» የሚለውን መርጠሽ በሁለቱም ፊት አትሚ፤ ወረቀቱ በአጭሩ ጠርዝ ይገልበጥ፤ በረጅሙ ከሆነ ጀርባው ተዘቅዝቆ ይወጣል። በአንድ ፊት ላይ ጎን ለጎን የወደቁት ገጾች ሲደመሩ 17 ከመጡ ልክ ነሽ፦ 16 ከ1፣ 2 ከ15። መሃሉን በረጅም ስቴፕለር ሁለት ቦታ ምቺው። ማተሚያ ቤት የምትወስጂው ከሆነ ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ አብሮ መቀመጡን አረጋግጪ፤ ካልሆነ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይመጣል።

በዕርዳታ ስለሚመጣው የእንግሊዝኛ ካርቶን ብዙ አልልሽም። ቦታ ስለሚይዝ እየከፈትሽ ምረጪ፤ ዕድሜው የሄደውን ኢንሳይክሎፒዲያ «ለማጣቀሻ» ብለሽ አታስቀሪው።

መደርደሪያውን ከግድግዳው አንድ ጋት ፈቀቅ አድርጊው፤ የታችኛው እርከን መሬት እንዳይነካ፤ ክረምቱ ሲገባ ግድግዳው ያልበዋል፣ ብሉም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ዝርዝርሽን ለባለመደብር ከመስጠትሽ በፊት ላኪልኝና እኔም ልየው። ከሰኔ አጋማሽ ግን አይለፍ፤ ከዚያ በኋላ ናሙና አምጡ ብትዪያቸውም የሚሰማሽ የለም።

አክባሪሽ፣ ያንቺዋ