በጋዜጣው የስፖርት ገጽ የሚወጡ ማስታወቂያዎቻችሁን በተመለከተ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

ሰሞኑን ከመካከላችሁ ጥቂቶቹ በስልክም፣ ቢሯችን ድረስ በመምጣትም አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርባችሁልናል። የከተማችን ጋዜጣ ስለ ዩኒቨርሲቲው የፉትቦል (የአሜሪካ እግር ኳስ) ቡድን ያወጣው ዘገባ ደጋፊውን ስላስቆጣ፣ የእናንተ ማስታወቂያ ከዚያው ሥር መታየቱ ገበያችሁን እንደሚጎዳ ገልጻችሁ፣ «እንዲህ ያለው ጽሑፍ ካልቆመ ማስታወቂያችንን እናቋርጣለን» የሚል ደብዳቤ በሁላችሁም ስም ለዋና አዘጋጁ እንድንጽፍ ጠይቃችኋል። ማስታወቂያችሁን የማንሳት መብታችሁ የተጠበቀ ነው፤ ደብዳቤውን ግን አንጽፍም። ምክንያቱን ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ቅሬታው ከምን እንደመነጨ አይጠፋንም። በጨዋታው ዕለት ለሚሰበሰብ እንግዳ ጥብስና ቀይ ወጥ በትሪ የሚያዘጋጅ ምግብ ቤት፣ ማስታወቂያው የተጫዋቾችን ክፍያ በሚመረምር ዘገባ ግርጌ ሲያርፍ ደስ ሊለው አይችልም፤ ትዕዛዙን ሊወስድ የሚመጣው ሰው የቡድኑን ማሊያ ለብሶ ነውና። ይሁን እንጂ እኛ ለእናንተ የማስታወቂያ ቦታ የምንገዛው ከጋዜጣው የማስታወቂያ ክፍል ነው፤ ዘጋቢው ምን እንደሚጽፍ ያ ክፍል አይወስንም፤ ሊወስንም አይገባም።

ጋዜጣው የእኛ ደብዳቤ ባይጨመርበትም ያለበት ጫና ቀላል አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ልምምዱን ለጋዜጠኞች ዝግ ማድረግ፣ የስታዲየም መግቢያ ፈቃድ መከልከል፣ ያልወደደውን ዘጋቢ ጥያቄ ሳይመልስ ማለፍ ይችላል። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ የራሳቸው ቪዲዮ የሚያዘጋጅና ዜና የሚጽፍ ክፍል አላቸው፤ ቢግ ቴን የተባለው የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ ደግሞ በ2007 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የራሱን ቴሌቪዥን ጣቢያ ከፍቷል። ስለዚህ ቀድሞ ስለ ቡድኑ ለማሳወቅ ጋዜጣውን ይፈልግ የነበረው ዩኒቨርሲቲ አሁን ያን ያህል አይፈልገውም፤ ያለ ፉትቦል ወሬ አንባቢው የሚመናመንበት ጋዜጣ ግን ዩኒቨርሲቲውን አጥብቆ ይፈልጋል። ከ2005 ወዲህ በአሜሪካ ከ3,000 በላይ ጋዜጦች ተዘግተዋል። በቀሩትም ቢሆን የዝግጅት ክፍሉ ሳስቷል፤ ገቢው በቀነሰ ቁጥርም እንደ እኛ ያለው የትንንሽ ማስታወቂያ ገዢ ድምፅ ከልኩ በላይ ይሰማል። በግልጽ ለመናገር፣ ደብዳቤውን ብንጽፍ ሊሠራ ይችላል ብለን እንሰጋለን።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሚኒሶታ የሆነውን እንጥቀስ። በማርች 1999 የሴንት ፖሉ ፓዮኒር ፕሬስ ጋዜጣ፣ አንዲት የቀድሞ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ለቅርጫት ኳስ ተጫዋቾቹ የትምህርት ሥራቸውን ትሠራላቸው እንደነበር ከራሷ ሰምቶ ይፋ አደረገ። ዘገባው የወጣው ቡድኑ የዩኒቨርሲቲ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ በሚያካሂደው አገር አቀፍ ውድድር ሊጫወት አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። አራት ተጫዋቾች ታገዱ፤ ቡድኑም በማግስቱ ተሸነፈ። የደጋፊው ቁጣ ያረፈው ጋዜጣው ላይ ነው፤ የግዛቲቱ ገዥ ጄሲ ቬንቱራ ሳይቀሩ ጋዜጣውን ነቀፉ። በኋላ ግን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ያስደረገው ምርመራ ማጭበርበሩን አረጋገጠ፤ ዘጋቢው ጆርጅ ዶርማንም በ2000 ታዋቂውን የጋዜጠኝነት ሽልማት ፑሊትዘርን አገኘ። ከዚያ በፊት በ1985 የኬንታኪው ሌክሲንግተን ሄራልድ ሊደር፣ ደጋፊዎች ለተጫዋቾች በድብቅ ስለሚሰጡት ገንዘብ በመጻፉ አንባቢዎች ደንበኝነታቸውን ሰርዘውበታል፤ የቦምብ ዛቻም ደርሶታል።

ዛሬ ገንዘቡ በድብቅ የሚሰጥ ብቻ አይደለም። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቅዷል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁን በምታስተምሩበት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይህን የሚያህል ገንዘብ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ዘጋቢ መኖሩ ለእናንተም የሚጠቅም ይመስለናል።

የንግድ ጥቅሙም አለ። በገጹ ላይ ለምትገዙት ቦታ ዋጋ የምትከፍሉት አንባቢው ጋዜጣውን ስለሚያምን ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ ብቻ የሚጽፍ ጋዜጣ ከዩኒቨርሲቲው በራሪ ወረቀት አይለይም፤ በራሪ ወረቀት ላይ ደግሞ ማስታወቂያ አውጡልን ያለን ደንበኛ እስካሁን አልገጠመንም።

ከስፖርት ገጹ መነሳት የምትፈልጉ ደንበኞች እስከ ረቡዕ እኩለ ቀን ካሳወቃችሁን፣ ከሳምንቱ መጨረሻ እትም ጀምሮ ማስታወቂያችሁን ወደ ምግብ ወይም ወደ ቤት ሽያጭ ገጽ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እናዛውራለን። ጨርሶ ማቋረጥ ለምትፈልጉም ያልታተመው ማስታወቂያ ሒሳብ ይመለስላችኋል። ዘገባው ስሕተት አለበት የምትሉ ካላችሁ በራሳችሁ ስም ለአዘጋጁ ጻፉ፤ ጽሑፋችሁን ወደ እንግሊዝኛ የምንተረጉመው በነጻ ነው። በዚህ አጋጣሚ የቡድኑን ዓርማ በማስታወቂያችሁ ላይ ያለ ዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ማውጣት በሕግ ስለሚያስጠይቅ፣ ዓርማው ያለበትን ማስታወቂያ ፈቃዱን እስክታቀርቡ ድረስ እንደማንቀበል እናሳስባለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የማስታወቂያና የትርጉም አገልግሎት ክፍል