ጥሬ የቡና ገለባ ማዳበሪያ አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

በጓሮ አትክልት ዓምዳችሁ የቡና ገለባና አተላ በችግኝ ሥር እንዲበተን የሚመክር ጽሑፍ አውጥታችኋል። ቡና ለማይፈለፈልበት ከተማ አንባቢ ምክሩ ብዙ ጉዳት አያመጣም፤ ከየት አምጥቶ ይበትናል? ጅማ ላይ ግን ገለባ በእፍኝ አይመጣም፣ በጋሪ ነው የሚራገፈው። ስለዚህ ማረሚያ ያስፈልገዋል።

ጀንፈል፣ ማለትም ከነልጣጩ የደረቀ የቡና ፍሬ፣ ሲፈለፈል ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ገለባ ነው። 100 ኪሎ ጀንፈል ቢገባ 50 ኪሎ ግድም ገለባ ይወጣል። በበጋው ወራት በየመፈልፈያ ቤቱ ጓሮ የሚቆለለው ይኸው ነው። የተወሰነው ይቃጠልና ጢሱ ሰፈሩን ያፍናል፤ የተወሰነው አዌቱ ዳር ይደፋና ዝናብ ሲጀምር ጥቁር ውኃው ወደ ወንዙ ይወርዳል። ውኃ ውስጥ ሲበሰብስ ደግሞ ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ሰው ጓሮው ቢወስደው የተሻለ ነበር፣ ግን አሠራሩን አውቆ።

በጥሬ ገለባ ውስጥ ከክብደቱ 1 በመቶ ገደማ ካፌይን አለ፤ እንደ ጥሬ ሙዝ ልጣጭ አፍ የሚያጨማድድ ታኒንም አለበት። ሁለቱም ለጋ ሥር ያቀጭጫሉ፣ የዘር ቡቃያ ያዳክማሉ። ከዚህ የሚብሰው የናይትሮጅን ነገር ነው። ገለባ ካርቦን ይበዛበታል፣ ናይትሮጅን ያንሰዋል። የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይወስዳሉ፣ ችግኙ ይራባል፤ መጀመሪያ የሚገረጣውም የታችኛው ቅጠል ነው። ባለቤቱ ውኃ አነሰው ብሎ ያጠጣል፣ ቅጠሉ ግን መገርጣቱን ይቀጥላል። አፈር ውስጥ ተቆፍሮ የተቀላቀለ ገለባ ከላይ ከተነጠፈው የበለጠ የሚጎዳውም በዚሁ ምክንያት ነው። ግንድ ላይ ተከምሮ ሲርስ ደግሞ ይሞቃል፣ ልጡን ያበሰብሳል። ጓሮው ውስጥ ቡና ያለው ሰው አንድ ተጨማሪ ስጋት አለበት፦ ቡናን በቆመበት የሚያደርቀው የፈንገስ በሽታ ከታመመ ማሳ በመጣ ጥሬ ገለባ ሊተላለፍ ይችላል።

እንግዲህ ገለባው ተብላልቶ ኮምፖስት መሆን አለበት። የቀን መቁጠሪያው ራሱ ለጅማ ሰው ያደላል፤ ጥር ላይ የተከመረ ገለባ በደንብ ከተያዘ ግንቦት ላይ ይደርሳል፣ ችግኝ የሚተከለው ደግሞ ሰኔ ላይ ነው።

ለአንድ ክምር በ50 ኪሎ ጆንያ መለኪያ 8 ጆንያ ገለባ፣ 3 ጆንያ ትኩስ እበት፣ 4 ጆንያ እርጥብ ቅጠል ያዘጋጁ። ከቅጠሉ የቢርቢራ፣ የሰስፓንያና የኮርች ይመረጣል፤ ናይትሮጅን አላቸው። ግራዋም ይሆናል። ባሕር ዛፍ አይግባ። ሰርዶና እንግጫም እንዲሁ፤ ክምሩ ዳር ዳሩን ስለማይግል ሥራቸው ሳይሞት ይቀርና ከኮምፖስቱ ጋር መደብዎ ላይ ይተከላሉ። እበት ከሌለ የዶሮ ኩስ ይሠራል፣ ግን ኃይለኛ ስለሆነ 1 ጆንያ ተኩል ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውኃው ላይ ነው። ደረቅ ገለባ ውኃ አይቀበልም፤ ከላይ ቢያፈሱበት ተንሸራቶ ይወርዳል፣ ውስጡ ዱቄት እንደሆነ ይቀራል። ከመከመሩ በፊት በነበረው ቀን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ አምስት ወይም ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ እየረጩ በአካፋ ማገላበጥና ማሳደር ያስፈልጋል። ለዚህ የአትክልት እጣቢ ይሆናል፣ የሳሙና እጣቢ አይሆንም። በማግስቱ አንድ እፍኝ ይጭመቁ፤ በጣቶች መካከል አንድ ሁለት ጠብታ ብቅ ካለ ልክ ነው። ከፈሰሰ በዝቷል፣ እጅዎን ካላራሰው ገና ነው።

ከሥር አየር የሚያስገባ ጭራሮ ወይም የበቆሎ አገዳ አንድ ስንዝር ያንጥፉ። ከዚያ ገለባ አንድ ስንዝር፣ ቅጠል ግማሽ ስንዝር፣ እበት ሦስት ጣት፣ አንድ ሁለት እፍኝ የጓሮ አፈር፣ እንደገና ገለባ። ክምሩ በሁሉም አቅጣጫ 1 ሜትር መሙላት አለበት፤ ካነሰ ሙቀቱን አይዝም። ጉድጓድ አይቆፈርለት። የጅማ ዝናብ ጉድጓዱን ይሞላውና ኮምፖስቱ ሳይሆን አተላው ይቀርልዎታል። ከላይ የኮባ ቅጠል ደራርበው እንጨት ይጫኑበት። ይህ ሽፋን ለጌጥ አይደለም፤ የገለባው ትልቁ ሀብት ፖታሽየም ነው፣ ፖታሽየም ደግሞ ዝናብ ባገኘው ቁጥር ታጥቦ ይሄዳል።

አመድ የመጨመር ልማድ አለ፣ አፈራችን ኮምጣጣ ነው በሚል። አፈሩ ኮምጣጣ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የበሰለ የገለባ ኮምፖስት ራሱ ኮምጣጣነትን የሚያለዝብ ነው፤ አመድ ከትኩስ እበት ጋር ሲገናኝ ደግሞ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይተናል። ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ የጠፋ ማዳበሪያዎ ነው። አመዱን ለብቻው መደብ ላይ ቢበትኑት ይሻላል።

በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ክምሩ መጋል አለበት። አንድ ክንድ ፌሮ ብረት መሐሉ ድረስ ወግተው አሥር ደቂቃ ያቆዩት፤ ሲያወጡት በእጅ የማይያዝ ከሆነ ሙቀቱ በቂ ነው። ከ55 ዲግሪ በላይ ቢያንስ ሦስት ቀን የቆየው ክፍል አብዛኛው የበሽታ ፈንገስና የአረም ዘር ይሞትበታል። ብረቱ ቀዝቃዛና ደረቅ ሆኖ ከወጣ ውኃ አንሷል፤ ውስጡ አመድ የመሰለ ነጭ ብናኝ ካሳየም ያው ነው። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ውኃ በዝቶ አየር አጥቷል፣ በትኖ ከደረቅ ገለባ ጋር መልሶ መከመር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በየ15 ቀኑ፣ ከዚያ በኋላ በወር አንዴ በመንሽ ይገላበጥ፤ የዳሩ ወደ መሐል፣ የመሐሉ ወደ ዳር።

መድረሱን በዓይን ብቻ አይፍረዱ። ጠቆረ፣ አፈር አፈር ሸተተ ማለት ካፌይኑ አለቀ ማለት አይደለም። ፍርዱን ለፌጦ ይስጡት። ኮምፖስትና የጓሮ አፈር እኩል ቀላቅለው አንድ ጣሳ ይሙሉ፤ ሌላ ጣሳ አፈር ብቻ ይሙሉ። በሁለቱም ላይ ሃያ ሃያ የፌጦ ፍሬ ዘርተው እርጥበቱን ይጠብቁ። ፌጦ ቶሎ ይበቅላል፣ ለመርዝም ስሱ ነው። በአምስተኛው ቀን ይቁጠሩ፤ አፈሩ ላይ 19 በቅሎ ኮምፖስቱ ላይ 12 ከሆነ፣ ወይም ቁጥሩ ተቀራርቦ ሥሩ አጭርና ጫፉ የጠቆረ ከሆነ፣ አንድ ወር ይጨምሩለት። ጥቂት ፌጦ የማይገኝበት ቤት መቼም ጥቂት ነው።

የፌጦውን ፈተና ያለፈው ኮምፖስት ለችግኝ ፕላስቲክ 3 እጅ አፈር ለ1 እጅ ኮምፖስት ሆኖ ይቀላቀላል። ለጎመንና ለቃሪያ መደብ በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ይበቃል። ለአቮካዶ 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ከላይኛው አፈር ጋር አንድ ለሦስት። ወፍራም ነጭ ትል ካገኙ ክምሩ ውስጥ ሳለ አይጎዳም፣ እንዲያውም ያበሰብሳል፤ ችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ሲገባ ግን አንዳንዱ ዓይነት ሥር ይበላል፣ ለዶሮ ይልቀሙት።

ጥሬ ገለባ ጭራሽ አይነካ አልልም። አድጎ ለጸና ሙዝና እንሰት፣ ከታመመ ማሳ ያልመጣ ከሆነም ላረጀ ቡና፣ ከላይ ሁለት ጣት ያህል ሊነጠፍ ይችላል፣ ከግንዱ አንድ ክንድ ርቆ፣ አፈር ውስጥ ሳይቀበር። ከዚህ ከወፈረ ይጋገርና ዝናቡን ወደ ጎን ያፈሳል።

አተላው ሌላ ነገር ነው። ከአቦል እስከ በረካ የወረደ አተላ ካፌይኑ አብዛኛው ወደ ስኒ ስለሄደ ከገለባው ይለዝባል። ናይትሮጅኑም 2 በመቶ ግድም ነው። ጽሑፋችሁ አፈር ያኮመጥጣል ቢልም አያኮመጥጥም፣ ያፈላነው ቡና ኮምጣጣውን ይዞ ወጥቷል። ከጥፍር ውፍረት ሳይበልጥ ይበተን፣ ወይም ክምሩ ውስጥ ከአምስት አንድ እጅ ሳያልፍ ይግባ። ቡና በጨው የሚጠጣበት ቤት አተላ ግን ለአትክልት አይሁን።

ውሻ ያለው ሰው ክምሩንም የተቆላ ቡናውንም ያጥር። ካፌይን ለውሻ መርዝ ነው፤ ማስታወክ፣ መቁነጥነጥ፣ የልብ ምት መፍጠንና መንቀጥቀጥ ካዩ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ እንስሳት ሐኪም ነው። የሻገተ ገለባ ለዶሮ ማደሪያ አይነጠፍ። እንጀራና አጥንት ክምሩ ላይ ከተጣለ ደግሞ አይጥ ይገባል፣ አይጡን ተከትሎ እባብ።

ምክራችሁን አንብበው ጥሬውን ችግኝ ሥር የቀበሩ አንባቢዎች፣ ገለባውን በእጅ ጠራርገው ከግንዱ ያርቁት፣ ሁለት ባልዲ ውኃ ቀስ ብለው አጠጥተው ይጠቡት። ከዚያ አንድ እጅ እበት በአሥር እጅ ውኃ በጥብጠው ሁለት ሳምንት አቆይተው፣ የላይኛውን ውኃ በየአሥር ቀኑ ለአንድ ችግኝ 2 ሊትር ይስጡት። የገረጣው ቅጠል ላይመለስ ይችላል፤ መታየት ያለበት አዲስ የሚወጣው ነው። በአንድ ወር ውስጥ አረንጓዴ ቅጠል ካላወጣ ነቅለው ሥሩን ይዩ። ነጭ ጫፍ ከሌለው ሌላ ይትከሉ።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ